ሜትሩን የያዘችው ሚስታችን

የአማዙሩ መንገድ የፌዴራል ሆነ የተባለ ዕለት ዳ ኡጎዬ ማማሰያዋን ሳትጥል ነው ከምግብ ቤቷ ዘላ የወጣችው። ከማማሰያው ጫፍ የኦሃ ቅጠል ወጥ እየተንጠባጠበ፣ እሷ እየጨፈረች፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየረጨች መስቀለኛው መንገድ ደረሰች። የተረጨ ሰው አልተቆጣም። በዚያች ቀን አማዙሩ ውስጥ ማን ይቆጣል? መኪና እስከ ኮፈኑ የሚውጥ ጉድጓድ ያለበት መንገድ ባለቤት አገኘ ሲባል!

ነገሩ እንዲህ ነበር። መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የግዛቱ ነው። ግዛቱ ግን «የጭነት መኪና ከአገር አገር የሚያልፍበትን መንገድ ፌዴራል ይሥራው እንጂ እኔ በምን አቅሜ?» ይላል። ፌዴራል ደግሞ «በመዝገቤ የሌለ መንገድ አላውቅም» ይላል። እነሱ እንዲህ ሲባባሉ ጉድጓዱ ያድጋል። ልጅ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር።

የአማዙሩ ሴቶች በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ጉባኤ አላቸው። ለአማዙሩ ልጅ የተዳረች ሴት ሁሉ፣ በየትም ከተማ ብትኖር፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሳ ትመጣለች። እነዚህ ሴቶች ናቸው ስድስት ነሐሴ ሙሉ አንድ ደብዳቤ ደጋግመው የጻፉት፦ «መንገዳችንን ፌዴራል ይውሰድልን።» የጉባኤው ሊቀመንበር ዳ ኡጎዬ ናት። የጣት አሻራ ያሰባሰበችው እሷ፣ የቀለሙን ዕቃ ይዛ ከደጅ ደጅ የዞረችው እሷ። አሻራ እምቢ ያለ ሰው ምግብ ቤቷ ከመጣ ሥጋው ያንስበታል ተብሎ ይወራ ነበር። እሷ «ውሸት ነው» ትላለች፤ ግን እየሳቀች ነው የምትለው።

«ሚስታችን!» ብሎ ጮኸ ጎሚስታው ንጆኩ፣ የተቀደደ ጎማ እንደታቀፈ። የሟች ባሏ የአጎት ልጅ ነው። በአማዙሩ የባል ወገን ልጁ ያገባትን ሴት «ሚስታችን» ይላታል፤ ድግስ ሲሆን የሁሉም፣ ችግር ሲመጣ የማንም ናት። «ሚስታችን፣ ሁለተኛ ባል አገባሽ እንዴ? ይሄ ጭፈራ የሠርግ ነው!»

«አገባሁ እንጂ! አቡጃን ነው ያገባሁት! አንተ ግን ፍራሽ አንጥፈህ ተቀመጥ፤ መንገዱ ሲስተካከል ጎማ የት ይፈነዳልሃል?»

«ምን ቸገረኝ! ሲስተካከል በፍጥነት ይነዳሉ፤ በፍጥነት የነዳ ደግሞ ሲፈነዳበት አንድ አይደለም፣ አራቱም ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የዘንባባ ጠጅ ወጣ። ዳ ኡጎዬ ያን ቀን ለመጣ ሁሉ የካሳቫ ገንፎዋን፣ ፉፉን፣ በነጻ አቀረበች፤ ድስቷ ባዶውን እስኪያንኳኳ።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጧት፣ የፌዴራሉ ነጭ ፒክአፕ መጣ። ከውስጡ ከቤኑዌ ወንዝ አገር የሆነ ረጅም ሰው ወረደ፤ ኢንጂነር ኢዮርፋ ይባላል። ዳ ኡጎዬ «መጀመሪያ ሆድ፣ ከዚያ ሥራ» ብላ አስቀመጠችው። እግዜር ይስጠው፣ ሳይግደረደር በላ። እጁን ታጥቦ ሲነሣ ግን ሥራው ታጎለበት፤ ሜትር የሚይዝለት ሰው ሆዱን ታሞ ከተማ ቀርቷል፣ አብሮት የመጣው ደግሞ ቀለም ቀቢ ብቻ ነው።

«እኔ እያለሁ!» አለች ዳ ኡጎዬ። ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ የሜትሩን ጫፍ ከእጁ ነጠቀችው።

ኢንጂነሩ ጥቅልሉን ይዞ መንገዱ መሃል ቆመ። ከተማው ዳርና ዳር ቆሞ ያያል። እሷ ኋላዋን እየሄደች፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተውረገረገች፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣች፤ ከምግብ ቤቷ ፊት ያለውን አግዳሚ አለፈች።

«በቃ?»

«ገና ነው እናቴ፣ ወደ ኋላ!»

በሩን አለፈች። ተመጋቢዎቹ እግራቸውን አነሡላት። አንዱ ሹፌር ሳህኑን ብድግ አድርጎ በሜትሩ ሥር አሳለፈው።

«በቃ?»

«ወደ ኋላ!»

ወጥ ቤት ገባች። ትልቁን ድስት ዞራ ሄደች። ጀርባዋ ከመጨረሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ። «አለቀ! ግድግዳ ነው!» ብላ ጮኸች። ከመንገዱ መሃል «ሦስት እርምጃ ይቀራል!» የሚል ድምፅ መጣ። ዳ ኡጎዬ ለሥራ ስትቸኩል ጭንቅላቷ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ ጫፉን በመስኮት አወጣችና ለንጆኩ አቀበለችው፤ እሱም ከቤቷ ጀርባ አሮጌ ጎማ ከሚከምርበት መሬት ላይ ሄዶ ቆመ።

«እዚያ ጋ ነው! ያዘው!» አለ ኢንጂነሩ።

ወጣ ስትል ቀለም ቀቢው በፊት ለፊቱ ግድግዳዋ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀለኛ ምልክት ሠርቶ ከሥሩ «7» ብሎ ጽፏል። ቀለሙ ገና ይወርዳል።

«ሰባተኛ ወጣሁ?» አለች ፈገግ ብላ። «ሽልማቱ ምንድን ነው?»

ኢንጂነሩ ሜትሩን ቀስ ብሎ ይጠቀልላል። ቀና ብሎ አላያትም። ፉፉዋን በልቷል፤ እንዴት ብሎ ይያት!

«እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ «የግዛት መንገድ ከእምብርቱ ወዲህና ወዲያ ሠላሳ ሠላሳ እርምጃ ነው የሚይዘው። በዚያ ልክ ውጪ ነበርሽ። የፌዴራል ግን ሃምሳ ነው። አሁን ውስጥ ነሽ። ሰኞ ዶዘሩ ይመጣል።»

ዳ ኡጎዬ ያልደረቀውን ቀይ ቀለም በጣቷ ነካችው።

«ማነው ፌዴራል ያደረገው?» አለች፤ ጥያቄው ከአፏ ሳያልቅ መልሱን ራሷ አወቀችው። ንጆኩ ከቤቱ ጀርባ ዞሮ መጣና ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ አያጣም ነበር። ያን ቀን ግን «ሚስታችን…» ብሎ ቀረ።

እሷ ሜትር ስትይዝ ቀቢው ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የቀባባቸው ከጎኗ በአራት እንጨት የቆሙ ዳሶች ናቸው፤ ባለቤቶቹ በዚያው ዕለት በራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። የዳ ኡጎዬ ግን ጡብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አንድ ግድግዳ እያለች፣ ከሽያጭ በተረፈ ጡብ እያስመጣች የሠራችው። ደግሞ ወዴት ትሸከመዋለች? ባሏ የሞተ ዓመት የባሏን ወገን አንድ ቁራጭ መሬት ለምና ነበር፤ ይቺኑ ከቤቷ ጀርባ ያለችውን፣ ንጆኩ ጎማ የሚከምርባትን። የወገኑ ታላቅ ዴዴ ኦክዋራ ያን ጊዜ ቀይ ቆቡን አስተካክሎ «ሚስታችን፣ መሬት የሚታየው ለወንድ ልጅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሁለት ሴት ነው የወለድሽልን» አላት። እሷም መንገድ ዳር፣ የማንም ያልሆነ መሬት ላይ ሠራች። የማንም ያልሆነው ይኸው ባለቤት መጣለት፤ ያውም ራሷ ደብዳቤ ጽፋ ጠርታው።

ረቡዕ ጧት እንደገና ዴዴ ኦክዋራ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ወንበር አቀረበላት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ አዘነላት፣ ከልቡ አዘነላት። መሬቱን ስታነሣበት ግን «አባቶቻችን…» ብሎ ጀመረ። ዳ ኡጎዬ አረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ስለምታውቅ እስኪጨርስ አልጠበቀችም።

ስትመለስ ንጆኩ ጎማ እየነፋ ጠበቃት።

«ሰማሽ ሚስታችን፣ ዛሬ የአንድ ጠበቃ ጎማ ለጠፍኩ።»

«ለጠበቃ ለጠፍክ፣ ለሐኪም ለጠፍክ፤ ለኔ ምን ፈየደልኝ?»

«ስሚኛ! ነገርሽን አጫወትኩት። ሳቀ። ‹መንገዱ የፌዴራል ቢሆንም መሬቱ የአገረ ገዥው ነው› አለኝ። ያለ እሱ ፊርማ አንድ ጡብ አይነኩም። የግዛቱ መሬት ቢሮ ሂጂና ጩኺ አለ።»

«አንተ! ይሄን ይዘህ ነው እስካሁን ጎማ የምትነፋው?»

ሐሙስ ንጋት ላይ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ የግዛቱ ዋና ከተማ ገባች። መሬት ቢሮ በሦስት መስኮት አዙረዋት በአራተኛው ማዳም ኡዙካ የምትባል፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደቃቃ ሴት ፊት አስቀመጧት። ማዳም ኡዙካ ብስኩት እየበላች፣ ግማሽ ልቧን ብስኩቱ ላይ አድርጋ ነበር የምትሰማት።

«…ከዚያ ቀይ ቀለም ቀቡብኝ።»

ብስኩቱ አፍ ላይ ቆመ። «ማን?»

«ፌዴራሎቹ።»

«ሳያስፈቅዱን?»

«እኔ እንጃ ማዳም፣ ሜትሩን ይዤ ነበር እንጂ…»

«ሳ-ያ-ስ-ፈ-ቅ-ዱ-ን!» ማዳም ኡዙካ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። «ጸሐፊ! ማኅተሙን አምጪ! ትንሹን አይደለም፣ ትልቁን! ዛሬ የዚችን ምስኪን ግድግዳ የቀቡ ነገ የአገረ ገዥውን ግንባር ነው የሚቀቡት!» ከየክፍሉ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ዳ ኡጎዬ ወንበር ተቀየረላት፣ ውሃ መጣላት። ስድስት ዓመት አቤት ብላ በር ያልከፈተላት መንግሥት በአንዲት ጥዋት እንደ እናቱ ተቀበላት። ማዳም ኡዙካ እያነበነበች፣ ጸሐፊዋ እየጻፈች፣ እግዱ ተዘጋጀ፤ ማኅተሙ ሦስቴ አረፈበት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ ሦስቴ ዘለለ።

«ያዢ። በዚህ ወረቀት ዶዘር ቀርቶ ዶሮ ግድግዳሽን አትጭርም። ከሥር ያለውን መስመር አየሽ? ‹አመልካች ስትስማማ እዚህ ትፈርማለች።› አንቺ ካልፈረምሽ እኔም አላነሣው፣ እነሱም አያነሡት።»

ዳ ኡጎዬ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቀፈችው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። «ማዳም፣ ታዲያ መንገዱን እናንተ ትሠሩልናላችሁ?»

«መንገዱን?» አለች ማዳም ኡዙካ፣ ብስኩቷን እያነሣች። «እሱማ የፌዴራል ነው።»

ሰኞ ጧት ከጉም ጋር የተቀላቀለ አቧራ ውስጥ የዶዘሩ ድምፅ መጣ፤ ከተማው ከየቤቱ ፈሰሰ። በትልቅ ተሳቢ ላይ ተጭኖ የመጣው ቢጫ ማሽን ሲወርድ ሕፃናቱ ጮኹ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አንድ ሹፌር ጥሩንባውን ነፍቶ አልተወም። ዳ ኡጎዬ በሯ ላይ ቆማለች። እግዱን በሙጫ ቀዩ ምልክት ላይ ለጥፋዋለች።

ኢንጂነር ኢዮርፋ አነበበ። ሦስቱንም ማኅተም አነበበ። ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ፤ ተመልሶ መጣ፤ ጭራሽ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው ያስደነገጣት።

«ደግ ነው» አለ። «መሬቱ የእነሱ ነው፤ አልነካም። ግን እናቴ፣ በዚህ በጋ ለዚህ አውራጃ የተሰጠኝ ማሽን አንድ ነው። ደብዳቤ ይዘው የሚጠብቁኝ ከተሞች አራት ናቸው። እስከ ቀትር ካልተፈታ ዶዘሩን ጭኜ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ።»

ይሄን ንጆኩ ሰማ። ንጆኩ የሰማውን ከተማው ሰማ።

እልልታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጫጫታ ሌላ ነበር። «ራሷ ጠርታ ራሷ ልታባርር!» «ስድስት ዓመት አሻራችንን ወስዳ!» ከሕዝቡ መሃል አዋላጇ ንኬሩ ወጣች፤ የጉባኤው ጸሐፊ ናት፣ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በእጇ የጻፈችው። አልጮኸችም።

«ዳ ኡጎዬ» አለች፣ «አምና ሁለት ሴት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በቆመ መኪና ላይ አዋልጃለሁ። አንዷን አብረሽኝ መብራት ይዘሽልኛል። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ? አንቺንም አጣን ማለት አልችልም፣ መንገዱንም አጣን ማለት አልችልም።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣ! ዳ ኡጎዬ ቤቷን ብታድን ከተማው መንገዱን ያጣል፤ መንገዱን ብትሰጥ ነገ ድስቷን የምትጥድበት አንድ ክንድ መሬት የላትም። ወረቀቱን አየች። ዶዘሩን አየች። ከዚያ ሕዝቡ ሲከፈት በበትሩ እየተመራ ዴዴ ኦክዋራ ሲመጣ አየች፤ ከኋላው የወገኑ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ቦግ ያለው። ይሄ ኢንጂነር ማሽን አለው፣ መሬት የለውም። ማዳም ኡዙካ መሬት አላት፣ ማሽን የላትም። ሁለቱም የማያውቁት ደግሞ፣ በአማዙሩ ዴዴ ኦክዋራ አንገቱን ካልነቀነቀ ፍየል እንኳ ቦታ እንደማትቀይር ነው። ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይዘዋል። እሷስ? እሷ አንዲት መስመር አለቻት። ካልፈረመች ማንም የማያልፋት መስመር።

«ሚስታችን» አለ ዴዴ ኦክዋራ፣ «ወረቀቱን አንሺ።»

«አነሣዋለሁ ዴዴ።»

ሽማግሌው ተነፈሰ። ሕዝቡም ተነፈሰ።

«ግን ወዴት ልግባ? ከቤቴ ጀርባ፣ ሜትሩ ካለቀበት ወዲያ ያለውን መሬት አሳዩኝ። በወገኑ ፊት፣ ቃል በሚታሰርበት በኮላ ፍሬ፣ በድንበር ዛፍ። ያኔ እፈርማለሁ።»

«ለሴት መሬት ታይቶ አያውቅም!»

«መንገዳችንም ፌዴራል ሆኖ አያውቅም ነበር።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ አመለጠ፤ ዴዴ ኦክዋራ ወደዚያ ሲዞር ሳቁ ቆመ፣ ሴቶቹ ግን አልተበተኑም። ንኬሩ ሄዳ ከዳ ኡጎዬ ጎን ቆመች። ቀጥሎ ዓሣ ሻጯ መጣች። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ፣ የነሐሴውን ጨርቅ እንደለበሰች። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ፊት ሌላ ግድግዳ ቆመ።

«ደግሞ» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ «ያ መሬት ንጆኩ የያዘው ነው። ጎማው አለበት። እሱን ሳንጠይቅ?»

ሰው ሁሉ ወደ ንጆኩ ዞረ። ንጆኩ ከልጅነቱ ጀምሮ በወገን ፊት ተጠይቆ አያውቅም፤ ጆሮውን አከከ።

«እኔማ…» አለ። «መንገዱ ከተሠራ የማስቀምጠው ጎማ አይኖረኝም። መሬት ካጣች ደግሞ ሚስታችን እዚህ የለችም፣ ምሳዬም የለም። ስለዚህ አባቶች፣ እኔ የምመርጠው በሆዴ ነው። ይሰጣት።»

«በሆድ መሬት አይፈረድም!»

«በምን ነው ታዲያ? እዚህ የቆምን ሁላችን እኮ ከዚችው ቤት በልተናል። ዴዴ፣ አንተም ሐሙስ ሐሙስ ትልካለህ፤ ጮማ ሥጋ አድርጊበት እያልክ።»

ዴዴ ኦክዋራ በትሩን መሬት ላይ መታ። ማንም አልሳቀም፤ ማለትም ማንም ጮክ ብሎ አልሳቀም። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየና ለዶዘሩ ሹፌር አንድ ምልክት ሰጠው፤ ተሳቢው ወደ ኋላ መጥቶ መወጣጫውን ዘረጋ። የብረቱ ድምፅ ከስብከት ሁሉ በላይ ሠራ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሰብሰብ ብለው ወደ ዛፉ ጥላ ሄዱ። እጅ ሲወራጭ፣ ቆብ ሲወልቅ፣ ቆብ ሲመለስ ከሩቅ ይታያል። ሲመለሱ ዴዴ ኦክዋራ የመጨረሻው ነበር።

«ልጄ» አላት። «ሚስታችን» አላለም። «የሴቶች ልጆችሽ አባት ወንድሜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ይሄን እየተናገርኩ ራሴም ሰልችቶኛል። ኮላ አምጡ!»

የሴቶቹ እልልታ የዶዘሩን ሞተር ዋጠው።

ታዲያ ኮላ በአማዙሩ በጥድፊያ አይቆረስም። ሳህኑ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ በዕድሜ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ነክቶ ያሳልፋል፣ ተመልሶ ታላቁ ዘንድ ይመጣል፣ ከዚያ ጸሎቱ ይጀመራል። ኢንጂነሩ ወደ ንጆኩ ጎንበስ አለ።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አታስቸኩለው። ኮላ ከኛ ቋንቋ በቀር ሌላ አይሰማም፤ ቸኩል ብትለው አይገባውም።»

ዴዴ ኦክዋራ ጸለየ። ለሞቱት ጸለየ፤ ሕዝቡ እንደ አሜን «ኢሴ!» ብሎ ተቀበለ። ላልተወለዱት ጸለየ፤ «ኢሴ!» ለዝናብ፣ ለዘንባባው፣ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ። ቀትር ሊሆን አሥራ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ገና በሩቅ አገር ያሉ ልጆች ላይ ነበር። ንኬሩ ከንፈሯን ነክሳለች። ዳ ኡጎዬ እጇን አጥብቃ ይዛ በልቧ «ዴዴ፣ አባቶቻችን እኮ ሰምተዋል፣ ደንቆሮ አይደሉም» ትላለች። በመጨረሻ ሽማግሌው አንድ ዓይኑን ገልጦ ወደ ዶዘሩ ተመለከተና «…ለዚያ ቢጫ እንስሳም መልካም ጉልበት ይስጠው» ብሎ ፍሬውን ቆረሰ። አንዷ ቁራጭ ለእንግዳው ደረሰች፤ ኢንጂነር ኢዮርፋ ከነመራራነቷ ሳያኝክ ዋጣት።

«ኦጊሪሲ!» ተባለ። ንጆኩ ቀድሞ አራት ቅርንጫፍ ቆርጦ ይዞ ነበር፤ ኦጊሪሲ በተተከለበት የሚበቅል፣ በአማዙሩ ድንበር ነው ከተባለ ማንም የማይነቅለው ዛፍ ነው። ወጣቶቹ ጎማውን እያንከባለሉ ያወጡታል፣ ሴቶቹ መንገድ ይከፍታሉ፣ ሽማግሌው በበትሩ ጫፍ ያሳያል። አንደኛው ተተከለ። ሁለተኛው ተተከለ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ አጋጠመ፤ አካፋ መጣ፤ አቧራው ተነሣ፤ ተተከለ። ቀትር ሊሆን አራት ደቂቃ።

አራተኛውን ቅርንጫፍ ዳ ኡጎዬ ከንጆኩ እጅ ተቀበለችው። ዴዴ ኦክዋራ በበትሩ ያመለከታትን ነጥብ አየች። ከዚያ ነጥቡን አልፋ ሁለት ሰፊ እርምጃ ተራመደች።

«ሚስታችን!» ብለው ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። «ያ የኛ ነው!»

«እኔስ የማን ነኝ?» አለች፣ ቅርንጫፉን ወደ ላይ እንደያዘች። «ሚስታችን፣ ሚስታችን ትሉኛላችሁ!»

«አንድ እርምጃ ተመለሺ!» አለ ዴዴ ኦክዋራ።

«ግማሽ!»

«አንድ! ሰውዬው እየጫነ ነው!»

ዞር ብላ ብታይ እውነትም የዶዘሩ ሰንሰለት መወጣጫው ላይ ደርሷል። አንዲት እርምጃ፣ ያውም አጠር ያለች፣ ተመለሰችና ቅርንጫፉን በሁለት እጇ መሬት ውስጥ ሰካችው። «ቁም!» እያለች፣ ሽርጧን ሰብስባ፣ ወደ ግድግዳዋ ሮጠች። እግዱን ከሙጫው ላይ ገሽልጣ አወረደችው፤ ንኬሩ እስክሪብቶ ወረወረችላት፤ የምታስደግፍበት ነገር ብታጣ እያለከለከ የደረሰውን ዴዴ ኦክዋራን ወገቡን ይዛ አዞረችውና ጀርባው ላይ አድርጋ ፈረመች።

«ቀስ በይ፣ ይኮረኩረኛል!» አለ ሽማግሌው።

ዶዘሩ መወጣጫው ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ አማዙሩ መሬት ወረደ። ዳ ኡጎዬ ወረቀቱን ለኢንጂነሩ ሰጥታ፣ «አንድ ሰዓት ስጠኝ፤ ጡቤን ወደ ኋላ ላሻግር፤ በማሽንህ አታደቅቅብኝም» አለችው። እሱ አፉን ሳይከፍት ዓሣ ሻጯ ጣሪያው ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እየነቀለች ነበር።